ባሕር ዳርን በውሃው በር

ከደብረ ታቦር ወርዶ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው ከተማዋን የሚያገኛት ከጀርባዋ ነው። ወረታንና ሐሙሲትን አልፎ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ በባጃጅ ጡሩምባ ታጅቦ መናኸሪያ ይወርዳል። ሐይቁን የሚያየው ሻንጣውን ሆቴል ካስቀመጠ፣ ፊቱን ከታጠበና ቡና ካዘዘ በኋላ ነው። ከተማዋ ግን ስሟ እንደሚናገረው ፊቷን ያዞረችው ወደ ውሃው ነው። በውሃ የመጣ እንግዳ በፊት ለፊት በር ይገባል።

በር ስል ግን አንድ ብቻ አይደለም። በጀልባ ባሕር ዳር ለመግባት የሚያስብ ቤተሰብ ገና ኪራይ ሲነጋገር ሊያነሳው የሚገባ፣ ብዙዎቻችን ግን ከተማዋ ከታየች በኋላ የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። ጀልባ ነጂው ዞር ይልና «የት ላውርዳችሁ?» ይላል። «ደስ ያለህ ቦታ» ማለት ትሕትና ይመስላል። ልጆቹ እግራቸው ሳይርስ መውረዳቸው፣ እናታችሁ በራሳቸው እግር መውጣታቸው ወይም በሰው ትከሻ መውጣታቸው፣ ምሳ በአምስት ደቂቃ መድረሱ ወይም በባጃጅ ፍለጋ መዋሉ ግን በዚያች መልስ ይወሰናል።

የገበያ ባለሙያ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ማስተዋወቅ እያልን አራቱን እንሸመድድ ነበር፤ «ቦታ» የሚለውን ሁሉም በሁለት መስመር ነበር የሚያልፈው። ሐይቅ ላይ የመጀመሪያው ጉዳይ እሱ ነው።

የቆራጣ መንገድ

ለደቡብ ጎንደር ሰው ይህ መንገድ አዲስ ፋሽን አይደለም። ፎገራ፣ ደራና ሊቦ ከምከም ጣናን በምሥራቅ በኩል ይዳረሱታል። ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ የምትገኘው ቆራጣ፣ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለባት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች። ከደጋው የወረደ ነጋዴ እዚያ ደርሶ ዕቃውን ታንኳ ላይ ይጭናል። እ.ኤ.አ. በ1866 የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም ቆራጣ ተቀምጦ፣ አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ማዶ ዘጌ ላይ ሰፍረው ሳለ በመካከላቸው የነበረው መንገድ ሐይቁ ነበር፤ መልእክተኛውም ወደ ንጉሡ የተሻገረው በታንኳ ነው። የዘመኑ አውሮፓውያን ንጉሡ ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው በእጅ በሚዞር መንኮራኩር ሊያስኬዱ መሞከራቸውንም ጽፈዋል። እኛ ደብረ ታቦሮች ስለ ጋፋትና ስለ ሴባስቶፖል ስንተርክ እናድራለን፤ ስለነዚያ ጀልባዎች ግን ሲወራ የሰማሁት ጥቂት ነው። ያሳዝናል፤ መድፉ ወደ መቅደላ የተጎተተበትን ላብ ሁሉ እናውቀዋለንና።

ዛሬ ከቆራጣ ዳርቻ በሞተር ጀልባ ባሕር ዳር ለመግባት አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ዳርቻው ላይ ጀልባ ተደርድሮ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ ደውሎ ከባሕር ዳር ማስመጣት ወይም ከአካባቢው ሰው ጋር ቀን መያዝ ያስፈልጋል። የመንገዱን ሰላም በተመለከተ፣ ያለፉት ዓመታት እንዳስተማሩን፣ በዚያው ሳምንት የሄደ ሰው ጠይቆ መነሳት ነው። እየተጠየቀ ያልተመለሰ ነገር ካለ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።

ከደብረ ታቦር እስከ ሐይቁ ወደ 900 ሜትር ገደማ ቁልቁል እንወርዳለን። ጋቢ ተከናንበን ወጥተን ሐሙሲት ላይ ኮት እናወልቃለን። ይህን የምለው ለልጆች ልብስ ብቻ ብዬ አይደለም። ደጋ ያደገ ሰው ነፋስን የሚያውቀው በብርድነቱ ነው። ሐይቅ ላይ ነፋስ ሌላ ነገር ነው።

ሰዓቱ ቦታውን ይመርጣል

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ ወደ 14 ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያንገጫግጫል። ጠዋት ላይ አብዛኛውን ጊዜ መስተዋት ይመስላል። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ባሕር ዳር ደግሞ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ በሐይቁ ርዝመት ሁሉ ያሳደገውን ማዕበል አምጥቶ የሚያራግፈው እሷ ላይ ነው።

ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውብ የነበረ ማቆሚያ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጀልባውን ከድንጋዩ ጋር የሚያላትም ሊሆን ይችላል። ማቆሚያ ስትመርጡ መጀመሪያ የሚታየው ከነፋሱ የሚከልለው ነገር ነው፤ ወደ ውስጥ የገባ ዳርቻ፣ ደሴት፣ የደንገል ጥቅጥቅ፣ ወይም ጠንካራ የግንብ ክንድ። ውበቱ ቀጥሎ ይመጣል። ፎቶ ላይ የሚያምሩት ማቆሚያዎች ብዙ ጊዜ ለክፍቱ ሐይቅ የተጋለጡት ናቸው፤ የሚያምሩትም ለዚሁ ነው።

ወራቱም የራሱ ነገር አለው። ክረምቱ ሲያልቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ውሃው ሞልቶ ጀልባው ከመውጫው እኩል ይሆናል። ግንቦት ላይ ግን ሐይቁ ከዚያ በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ዝቅ ሊል ይችላል። ያኔ ጥቅምት ላይ አንድ እርምጃ የነበረው መውጫ መሰላል የሚያስፈልገው ይሆናል፤ የሞተሩም ምላስ ጭቃ ይልሳል። የዛሬ ዓመት የወረዳችሁበት ቦታ ዘንድሮም ያው ነው ብላችሁ አትገምቱ። የከተማዋ የሐይቅ ዳር ልማትም ዳርቻውን እየለዋወጠው ነው።

የትኛው መውጫ?

ከምሥራቅ ስትመጡ መጀመሪያ በግራችሁ የምታገኙት ደብረ ማርያምንና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ ነው። እይታው ልብ ይሰርቃል። ለማየት እንጂ ለመውረድ ግን አልመክረውም። ውሃው እዚያ መንገድ አለው፤ ይሄዳል። ወደ ታች የጨረጨራ ግድብ አለ። ጉማሬም ይኖርበታል። ጉማሬ በሩቁ ሲታይ የተኛ ድንጋይ ይመስላል፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባ ጀልባ ግን አደጋ ላይ ነው፤ በተለይ ማለዳና ምሽት ላይ። ነጂያችሁ ልጆቹን ለማስደሰት «ጠጋ እንበል» ካለ፣ ልጆቹ በሩቁም ይደሰታሉ በሉት።

ከዚያ አልፎ ከተማው መሐል ያለው የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ወደብ ነው። ለረጅም ዓመታት ወደ ደቅና ወደ ጎርጎራ የሚሄደው የሕዝብ መርከብ የሚነሳበት ስለሆነ፣ ለትልቅ ጀልባ የተሠራ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ሰው አለበት፣ ጥበቃ አለው። ለትንሽ ጀልባ ግን ወለሉ ከፍ ይላል፤ መርከብ የሚጠጋበት ሰዓት ከሆነም ትርምሱ አይጣል ነው። ዕቃ ብዙ ከያዛችሁና ወደ መሐል ከተማ የምትገቡ ከሆነ ይሻላል። ትንሹ ጀልባ ግን አስቀድሞ ጠይቆ እንጂ ዝም ብሎ አይጠጋም።

ሦስተኛው ዓይነት የሆቴሎቹ ማቆሚያ ነው። ግዮን፣ ጣና ሆቴል፣ ኩሪፍቱ፣ ሌሎችም በሐይቁ ዳር የተሠሩ ቤቶች የየራሳቸው መውጫ አላቸው። ለቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚመቸው ይህ ነው፤ ጥላ አለ፣ መጸዳጃ ቤት አለ፣ ወዲያው ሻይ አለ። የምትከፍሉት በእጅ አዙር ነው፤ እዚያ ትመገባላችሁ፣ ካልተመገባችሁም የመውረጃ ይጠየቃል። ይህን እንደ ጉቦ የሚያይ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ሆቴሉ ያንን መውጫ አሠርቶ ያስጠግናል፣ ዘበኛ ቀጥሮ ያስጠብቃል። የማይመቸኝ ሌላው ነገር ነው፤ ጀልባ ነጂው ወዳጁ ሆቴል ጋ ሊያወርዳችሁ ሲፈልግ የእናንተን ጉልበት ሳይሆን የራሱን ኮሚሽን እያሰበ ሊሆን ይችላል። ሥራዬ ሽያጭ ነክ ስለሆነ ይህችን ፈገግታ ከሩቅ አውቃታለሁ።

ባለፈው ጥር ከእማዬና ከሁለት ልጆች ጋር ሆነን አንድ ማቆሚያ ላይ የገጠመን ይህንኑ ያሳያል። ስሙን አልጠቅሰውም። አበባው የተከረከመ፣ መብራቱ የተሰቀለ፣ እንግዳ የሚያስቀና ቦታ ነበር። መውጫው ግን ከጀልባዋ ወለል እስከ እማዬ ወገብ ይደርሳል፤ መወጣጫ የለውም። እማዬ የቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጀልባ ነጂው ወጣት «እናቴ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አላቸው፤ ከላይ ያለው ዘበኛም እጁን ዘረጋ። እማዬ ሁለቱንም አዩና «ልጄ፣ እኔ ጆንያ አይደለሁም» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ነጂው ሳይከራከር ዞሮ ወደ ሌላ፣ ባለ ሦስት ደረጃ የድንጋይ መውጫ ወሰደን። አምስት ደቂቃ ነበር። እማዬ ደረጃውን በከዘራቸው ወጡና ለወጣቱ ምርቃት አወረዱለት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከመካከላችሁ ደካማው ማነው?» የሚል ነው። መውጫው የሚመረጠው ለእሱ ወይም ለእሷ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለታቀፈ ሕፃን፣ ለአዛውንት የሚመች መውጫ ለጎረምሳው አያንሰውም።

እግር ለምን አይረጥብም?

አራተኛው ዓይነት መውጫ ምንም ያልተሠራበት ዳርቻ ነው። ዓሣ አስጋሪዎችና ባለ ታንኳዎች የሚወርዱበት፣ ደንገልና ሣር ያለበት። ገንዘብ አይጠይቅም። ጫማ አውልቆ፣ ሱሪ ሰብስቦ፣ ጭቃውን እየረገጡ መውጣት ነው። ለልጆች ጨዋታ ይመስላል።

እዚህ ላይ ጥብቅ እሆናለሁ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉን የሚያስተላልፉት ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት በክፍቱ ሐይቅ ሳይሆን እዚሁ ሣርና ደንገል ባለበት፣ ውሃው በረጋበት ጠርዝ ነው። ትሉ በጤነኛ ቆዳ ዘልቆ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ «ወዲያው በፎጣ አደርቃቸዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ዋስትና አይሆንም። በሽታው መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በጤና ጣቢያም ይታወቃል። ቶሎ ካልታከመ ግን አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል፤ ልጅን ያከሳል፣ ከትምህርቱ ያዘናጋል። ስለዚህ ርካሹ መውጫ ርካሽ ላይሆን ይችላል። እዚያ መውረድ ግድ ከሆነ ልጆቹ ይታዘሉ። የረገጠም ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሰው ከጉዞው ጋር አያገናኘውም።

እምቦጭም መውጫ ይዘጋል። ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ያስጨነቀው አረም ነፋስ ወዳሻው ይወስደዋል፤ ትናንት ክፍት የነበረ ዳርቻ ዛሬ አረንጓዴ ምንጣፍ ሊሆን ይችላል። የሞተር ምላስ ውስጥ ከገባ ይተበተባል። በእኛ በኩል፣ በርብና በጉማራ መግቢያ አካባቢ፣ ከጉና የወረደው አፈርም ውሃውን አሳስቶታል። እዚያ መንገዱን የሚያውቅ ነጂ ያስፈልጋል።

ሎንዶንም ሰዓት ትጠብቃለች

ሸራ የወጠረ ትንሽ ጀልባ ጣና ላይ አላየሁም። ሌላው ዓለም ግን ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡን ባለሸራ ጀልባ ላይ ጭኖ ትልቅ ከተማ የሚጎበኝ ሰው ብዙ ነው፤ የሚያነሳውም ጥያቄ የኛው ነው። ሎንዶን ውስጥ፣ ከታወር ድልድይ ጎን፣ ሴንት ካትሪን የሚባል የጀልባ ማደሪያ አለ። ከተማው መሐል ነው፤ ከጀልባህ ወርደህ በእግርህ ታሪካዊውን ግንብ ትጎበኛለህ። ግን የቴምዝ ውሃ በየቀኑ ስለሚሞላና ስለሚጎድል የማደሪያው በር የሚከፈተው ውሃው በሚሞላበት ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው። ያ ካለፈህ ወንዙ ላይ ትጠብቃለህ። ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ ቫሳ ከሚባለው የመርከብ ሙዚየም አጠገብ የእንግዳ ጀልባ ማቆሚያ አለ፤ እዚያ ውሃው እንደ ቴምዝ አይመላለስም፣ ልጆች ከቁርስ በኋላ በእግራቸው ሙዚየም ይገባሉ። ዋጋው ከከተማ ወጣ ካለው ማቆሚያ ይበልጣል። የትራንስፖርቱንና የጊዜውን ወጪ የደመረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መሐሉን ይመርጣል።

የእኛም ሒሳብ ይኸው ነው። ከከተማው ዳር ወርዶ ለስድስት ሰው ሁለት ባጃጅ ከመያዝ፣ ለመውረጃ ትንሽ ጨምሮ ገበያው አጠገብ መውረድ ይሻላል። ኪራይ ስትነጋገሩ ሙሉ ዋጋውን ከነነዳጁ፣ ከነጥበቃው ሰዓትና ከነመውረጃው በአንድ ቃል አስጨርሱ። የገዳማት መግቢያ ለብቻው ነው። በመንገድ ላይ ገዳም ለመሳለም ካሰባችሁ ደግሞ ሴቶች የማይገቡባቸው እንዳሉ አትርሱ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ከእነዚህ ናቸው። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉም ይገባል። ይህን ሳያውቁ ደርሶ እናትንና ሴት ልጅን ጀልባ ላይ ማስቀመጥ ቀኑን ያበላሻል።

የሕይወት ማዳኛ ጃኬት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የልጅ ልክ አለ ወይ ነው ጥያቄው። ልጁን አልብሳችሁ፣ ማሰሪያውን አጥብቃችሁ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው፤ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ተንሳፎ ልጁ ይሾልካል። በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ለትንንሾቹ ይመረጣል። ጃኬቱ የሚወልቀው ደግሞ ከተማው ሲታይ ሳይሆን መሬት ሲረገጥ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሳ፣ ሁሉም ወደ መውጫው ወገን ሲያዘነብል ትንሽ ጀልባ ሚዛኗን ታጣለችና፣ አንድ በአንድ፣ በመሐል በኩል፣ ዕቃው ከሰው በኋላ ይውረድ።

የታንኳ ማደሪያ

በታንኳ የመጣ ሰው ግን ሁሉንም ይገለብጠዋል። ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሯት ታንኳ ውሃ ትጠጣለች፤ ቀን ሙሉ ውሃ ላይ የዋለች ታንኳ ከብዳ ትመለሳለች። ስለዚህ ባለቤቷ የሚፈልገው ውሃ ላይ የምታድርበትን ሳይሆን ከውሃ የምትወጣበትን ቦታ ነው፤ ለስለስ ያለ ተዳፋት፣ የምትደገፍበት ዛፍና ጥሩ ፀሐይ። ግንብና የብረት ሐዲድ ያለው ዘመናዊ ማቆሚያ ለእሷ ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ይቧጭራታል። ዳርቻው ሁሉ በድንጋይ ሲለበጥ ባለ ታንኳው የት ይወጣል የሚለውን፣ ሐይቅ ዳር የሚያለሙ ሰዎች ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ለማደር ከሆነ ጀልባው የሚያድርበትን ከምትተኙበት ለይታችሁ አትያዙ። ዘበኛውን በስሙ እወቁት፤ ሞተሩና ነዳጁ ሌሊት የት እንደሚቀመጥ ነጂው ፊት ተነጋገሩ።

መመለሻውን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፤ በጠዋት በጀልባ መግባት፣ ከሰዓት በመኪና መመለስ። ነፋሱ ሲነሳ ልጆችን ይዞ ወደ ቆራጣ መቅዘፍ አያስፈልግም። ሾፌራችሁ ከሐሙሲት መኪናውን ባዶ ይዞ በድልድዩ ይዙርና መውጫው በር ላይ ይጠብቃችሁ። የት እንደምትወርዱ ግን ጠዋት ከቆራጣ ሳትነሱ ንገሩት፤ ሐይቅ መሐል ስልክ አንዳንዴ እምቢ ይላል።